ከ12ኛ ክፍል ፈተና በኋላ የትምህርትና የሙያ መንገድ ምርጫ፦ በመቂ ከተማ ተማሪዎችን የማማከር ተግባር

አሕጽሮት

የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ የሚያመጡት ተማሪዎች ከጠቅላላው ጥቂት እጅ ሆነው ቆይተዋል። ስለዚህ ከፈተና በኋላ የሚሰጥ ምክር በአብዛኛው የሚያስፈልገው ዩኒቨርሲቲ ለሚገባው ሳይሆን ለማይገባው ተማሪ ነው። ይህ መጣጥፍ የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲዎችን፣ በይፋ የተገለጹ ውጤቶችንና የሙያ ምርጫ ንድፈ ሐሳቦችን መነሻ በማድረግ፣ በምሥራቅ ሸዋ ዞን በመቂ ከተማ የሚኖር ተማሪ ውጤቱን ከሰማ በኋላ ምን ዓይነት ምርጫ እንደሚጠብቀው ይመረምራል። መጣጥፉ የሚያቀርበው መከራከሪያ ሦስት ነጥቦች አሉት፤ አንደኛ፣ “አለፈ” እና “ወደቀ” የሚሉት ሁለት ቃላት ለምክር በቂ አይደሉም፤ ሁለተኛ፣ ምክሩ ከውጤቱ በፊት መጀመር አለበት፤ ሦስተኛ፣ የሚመከረው ተማሪው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡም ጭምር ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የሙያ ምክር፣ ብሔራዊ ፈተና፣ ቴክኒክና ሙያ፣ ሪሚዲያል፣ መቂ

1. መግቢያ

መቂ በኦሮሚያ ክልል በምሥራቅ ሸዋ ዞን የዱግዳ ወረዳ ከተማ ናት። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የተመሠረተች ሲሆን፣ ስሟን የተጋራችው የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ይገባል። የከተማዋ ኑሮ ከመስኖ ጋር የተሳሰረ ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመንና ፓፓያ ከሐይቁ፣ ከወንዙና ከጉድጓድ በሞተር በሚሳብ ውኃ ይመረታሉ፤ ምርቱም በደላላና በነጋዴ እጅ በጭነት መኪና ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በዚህች ከተማ የሚያድግ ልጅ ገና የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ችግኝ ይተክላል፣ ኩንታል ያስራል፣ የገበያን ዋጋ መውጣትና መውረድ ያውቃል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በሐምሌ አካባቢ በሚሰጥባቸው ዓመታት ውጤቱ የሚገለጸው በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ወይም መባቻ ነው። ያ ጊዜ ክረምቱ አልቆ ለበጋው መስኖ መሬት የሚዘጋጅበት፣ ሞተር የሚጠገንበትና መሬት በኮንትራት የሚያዝበት ወቅት ነው። ስለዚህ ለመቂ ወጣት “ቀጥሎ ምን ላድርግ?” የሚለው ጥያቄ ረጋ ብሎ የሚታሰብበት ጊዜ የለውም። ያልተዘጋጀ ተማሪ ውሳኔውን ለወቅቱ አሳልፎ ይሰጣል፤ ወቅቱ ደግሞ የሚወስነው ለአንድ የሽንኩርት ምርት እንጂ ለአንድ ሰው ዕድሜ አይደለም።

2. የተማሪው መንገድ እንዴት ተለወጠ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን በሁለት እርከን ከፍሎ ነበር። 9ኛና 10ኛ ክፍል አጠቃላይ ትምህርት፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ ሆኑ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በ10ኛ ክፍል መጨረሻ ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ፈተና መለያያ መስቀለኛ መንገድ ነበር፤ የመግቢያ ነጥቡን ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ያመራ ነበር። ይህ አሠራር የራሱ ጉድለት ነበረበት። ቴክኒክና ሙያ “የወደቀ ሰው ቦታ” ሆኖ እንዲታይ አድርጓል። ሆኖም የ16 ዓመት ወጣት ወዴት እንደሚሄድ በጊዜ እንዲያውቅ ያስገድድ ነበር።

የ10ኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አንድ ወጥ እርከን ሆነ፤ መለያያውም ወደ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ተሸጋገረ። በሌላ በኩል ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ጀመረ፤ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባትም 50 ከመቶ ማምጣት ግዴታ ሆነ። በይፋ የተገለጹት ውጤቶች እንደሚያሳዩት፣ በዚያ ዓመት ይህን መስፈርት ያሟሉት 29,909 ተማሪዎች ወይም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 27,267 (3.2 ከመቶ)፣ በ2016 ዓ.ም. 36,409 (5.4 ከመቶ)፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929 (8.4 ከመቶ) ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ።

አኃዙ ይበልጥ ግልጽ የሚሆነው ወደ መማሪያ ክፍል ሲተረጎም ነው። 50 ተማሪዎች በሚቀመጡበት ክፍል፣ በአገር አቀፍ አማካይ ስሌት፣ በ2014 ዓ.ም. ከሁለት ያነሱ፣ በ2017 ዓ.ም. አራት ያህል ተማሪዎች ብቻ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ ማለት ነው። የቀሩት 46 ወይም 48 ወጣቶች በሙሉ 12 ዓመት የተማሩ፣ ብዙዎቹም ከዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ተነግሯቸው የማያውቁ ናቸው።

የተቋማቱ አደረጃጀትም ክፍተቱን ያሰፋዋል። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት ማሻሻያ የቴክኒክና ሙያ ዘርፍ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ሲሆን፣ አጠቃላይና ከፍተኛ ትምህርት በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ቀርተዋል። ተማሪው ከትምህርት ቤት በር ሲወጣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ወጥቶ ወደ ሌላው ይሻገራል። በመካከል እጁን ይዞ የሚያሻግረው ሰው ከሌለ መንገዱን የሚያውቀው በወሬ ነው።

3. የንድፈ ሐሳብ መነሻ

የዘመናዊ የሙያ ምክር ጀማሪ ተብሎ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ፍራንክ ፓርሰንስ ነው። ፓርሰንስ ከሞተ በኋላ በ1909 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ መልካም የሙያ ምርጫ በሦስት ነገሮች ላይ እንደሚቆም አስረድቷል፤ ራስን ማወቅ፣ የሥራውን ዓለም ማወቅ፣ ሁለቱንም በምክንያት ማገናኘት። ይህ አስተሳሰብ ቀላልና ዛሬም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን መራጩ ብቻውን የሚወስንና በቂ አማራጭ በፊቱ የተዘረጋለት ሰው መሆኑን ታሳቢ ያደርጋል።

ሊንዳ ጎትፍሬድሰን በ1981 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ንድፈ ሐሳብ ለመቂው ሁኔታ ይበልጥ ይቀርባል። በእርሷ አስተያየት ልጆች ሙያን ከመምረጣቸው አስቀድሞ ሙያዎችን ይሰርዛሉ። በመጀመሪያ “ይህ የወንድ፣ ይህ የሴት ነው” በማለት፣ ቀጥሎም በኅብረተሰቡ ዘንድ ያለውን ክብር በመመዘን አማራጫቸውን ያጠብባሉ። ፍላጎትና ችሎታ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የተመኙት ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ ከቀሩት ጋር ለመስማማት ይገደዳሉ። ብዙ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከልጅነቱ ጀምሮ “ሐኪም” ወይም “መሐንዲስ” እያለ ያደገው በቤቱ የሚከበሩት እነዚያ በመሆናቸው ነው። የውኃ ሞተር ጠጋኙ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዡ ገና ሳይመረመሩ ተሰርዘዋል። ስለዚህ የአማካሪው የመጀመሪያ ሥራ አዲስ ሙያ መጠቆም ሳይሆን ቀድሞ የተሰረዘውን ዝርዝር እንደገና መክፈት ነው።

4. በተማሪው ፊት ያሉ መንገዶች

4.1 ውጤቱን ማንበብ

48 ከመቶ ያመጣ ተማሪና 22 ከመቶ ያመጣ ተማሪ በሰፈር ውስጥ እኩል “ወደቁ” ይባላሉ። ለምክር ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ከመስመሩ በጥቂት ጥያቄዎች ርቋል፤ ሁለተኛው ከሥር የተጠራቀመ ክፍተት አለበት። ከድምሩ ይልቅ የየትምህርቱ ውጤት ብዙ ይናገራል። በሒሳብና በፊዚክስ የተሻለ ነጥብ አግኝቶ በእንግሊዝኛ ዝቅ ያለ ተማሪ የማሰብ ችግር ሳይሆን የቋንቋ ችግር ሊኖርበት ይችላል። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም የሚማረው፣ በመጨረሻም የሚፈተነው በእንግሊዝኛ መሆኑ ውጤቱን በማንበብ ረገድ መዘንጋት የለበትም።

4.2 ሪሚዲያልና ዳግም ፈተና

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሪሚዲያል መርሐ ግብር 50 ከመቶ ሳይደርሱ ለመስመሩ የቀረቡ ተማሪዎችን በተቋማት ውስጥ የሚያስተምር ነው። የመቁረጫ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ይወስናል። ምዘናው ተቋሙ ከሚሰጠው 30 ከመቶና ከማዕከል ከሚመጣው ፈተና 70 ከመቶ የተውጣጣ ነው። ተማሪው ማወቅ ያለበት ሪሚዲያል የመግቢያ ዋስትና ሳይሆን ሁለተኛ ዕድል መሆኑን ነው። በግል ተመዝግቦ ዳግም መፈተንም ሌላ አማራጭ ነው።

ዳግም መፈተን የሚመከረው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ጉድለቱ በአንድ ወይም በሁለት ትምህርቶች ላይ የተወሰነ ሲሆንና ተማሪው ዓመቱን እንዴት እንደሚያጠና በጽሑፍ ሲያስቀምጥ። “ዘንድሮ ዕድል አልገጠመኝም” በማለት ብቻ የሚደረግ ሁለተኛና ሦስተኛ ሙከራ የወጣቱን ዓመታት ይበላል።

4.3 ቴክኒክና ሙያ

የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ሠልጣኙ የየደረጃውን ሥልጠና ሲጨርስ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳል። ከሥልጠናው ከፊሉ በድርጅት ውስጥ የሚሰጥ የትብብር ሥልጠና ነው። ለመቂ ወጣት የሚቀርቡ ዕድሎች ጥቂት አይደሉም። በስምጥ ሸለቆው መስመር በስተደቡብ የአላጌ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኮሌጅ አለ። ባቱ የአበባ እርሻዎችና የወይን ጠጅ ፋብሪካ አሏት። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎችና ደረቅ ወደብ፣ ቡልቡላ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ፣ አዳማ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላቸው። እነዚህ ቦታዎች የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የማሽን ጠጋኝ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ የማቀዝቀዣ ባለሙያና የእፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ይፈልጋሉ።

ሆኖም አማካሪው ሥልጠናውን ሲያስተዋውቅ ሦስት ጥያቄዎችን ማስመለስ አለበት። የሥልጠናው ወርክሾፕ የሚሠራ መሣሪያ አለው ወይ? ሠልጣኙ የትኛው ድርጅት ውስጥ ልምምድ ያደርጋል? ባለፈው ዓመት ከጨረሱት መካከል በሙያው የሚሠራ ሰው ማግኘትና ማነጋገር ይቻላል ወይ? መልስ ያልተገኘለት ሥልጠና ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

4.4 እርሻውና ገበያው

በብዙ የምክር ጽሑፎች ወደ እርሻ መመለስ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል። በመቂ ይህ አነጋገር ተቀባይነት አያገኝም፤ ተማሪው በጥሩ ዓመት ሽንኩርት ያተረፈ ጎረቤት ያውቃልና። ደላላው ከመምህሩ የበለጠ ገንዘብ ሲይዝም አይቷል። ስለዚህ አማካሪው እርሻን በማናናቅ ሳይሆን ሙሉ ሒሳቡን በማሳየት መጀመር አለበት።

ሙሉ ሒሳብ ማለት የዘር፣ የማዳበሪያ፣ የነዳጅ፣ የኬሚካልና የቀን ሠራተኛ ወጪ፣ የመሬት ኮንትራት፣ እንዲሁም ዋጋ በወደቀበት ሳምንት ምርት ማሳ ላይ የሚቀርበት ዕድል ነው። አንድ ጥሩ ዓመት ብቻ አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ወቅቶች በደብተር መታየት አለባቸው። ከዚህ በላይ ደግሞ እርሻው ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወደ አገሪቱ ከገባ ወዲህ፣ ያለ ዕውቀት ደጋግሞ ኬሚካል መርጨት ወጪን ከመጨመር በላይ የረጪውን ጤናና የሐይቁን ውኃ ይጎዳል። የእፅዋት ጥበቃ ወይም የመስኖ ሥልጠና የወሰደ ወጣት ወደዚያው ማሳ ቢመለስም የሚመለሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች የኅብረት ሥራ ዩኒየንን የመሰሉ ተቋማትም የሒሳብ፣ የግብይትና የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ያስፈልጋቸዋል። ስለሆነም እርሻና ሥልጠና እንደ ተቃራኒ መቅረብ የለባቸውም።

4.5 ላለፉት ተማሪዎች

50 ከመቶ ያለፈ ተማሪም ምክር ያስፈልገዋል። በመጀመሪያ የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲ እንጂ ሙያ አይደለም፤ የትምህርት ክፍሉን የሚመርጠው በፍሬሽማን ትምህርት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ምደባውም በዚያ ጊዜ ባስመዘገበው ውጤት ላይ ይመሠረታል። ስለዚህ “ገባሁ” ብሎ የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት የሚያሳልፍ ተማሪ የተመኘውን ክፍል እዚያው ያጣል። እንደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት የራሳቸው መግቢያ ፈተና እንዳላቸውም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ አይቻልም። የሚወዱትን ሳይሆን የሚያስከብረውን ብቻ መምረጥ ዋጋው ከፍ ብሏል።

5. ቤተሰብና ሴት ተማሪዎች

የውሳኔው እውነተኛ ጉባኤ የሚካሄደው በቤት ውስጥ ነው። አባት የመሬቱን፣ እናት የቤቱን ወጪ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ያሳለፉትን ልምድ ይዘው ይቀርባሉ። ተመርቆ ሥራ ያጣ ታላቅ ልጅ ያለበት ቤት ለትምህርት ያለው እምነት የተሸረሸረ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ድንቁርና ሳይሆን ከልምድ የመጣ ፍርድ ነው። አማካሪው ቤተሰቡን ሊገሥጽ ሳይሆን ሊያዳምጥ ይገባል። “ልጅዎ ምን እንዲሆን ይፈልጋሉ?” ከሚለው ይልቅ “ልጅዎን ለስንት ወር ያለ ገቢ ሊያቆዩት ይችላሉ?” የሚለው ጥያቄ ወደ እውነተኛው ውይይት ያስገባል። ስድስት ወር የሚችል ቤትና ሦስት ዓመት የሚችል ቤት አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይችልም።

የሴት ተማሪ ሁኔታ ተጨማሪ ትኩረት ይሻል። ሥልጠናው ሌላ ከተማ ከሆነ የማደሪያ ደኅንነት ከሥልጠናው ጥራት በፊት የሚነሣ ጥያቄ ነው። ውጤት ባልመጣበት ዓመት የጋብቻ ጥያቄና ወደ ዐረብ አገር የመሄድ ሐሳብ ቤቱን ያንኳኳሉ። እነዚህን በዝምታ ማለፍ ምርጫውን አይሰርዘውም፤ ልጅቷ ብቻዋን እንድትወስን ያደርጋታል እንጂ። በግልጽ ተነጋግሮ የማደሪያ ወጪን፣ በዘመድ ቤት መቆየትንና በአቅራቢያ ያለ ሥልጠናን ማመዛዘን ይሻላል። በተጨማሪም ኤሌክትሪክና ማሽን ጥገናን የመሳሰሉ ሙያዎች “የወንድ” ተብለው ገና በልጅነቷ ከዝርዝሯ ወጥተው ከሆነ፣ እንደገና እንድታያቸው ዕድል መስጠት የአማካሪው ድርሻ ነው።

6. ሦስት የምክር ጊዜያት

ብዙ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ የሙያ አማካሪ የላቸውም። ስለዚህ የሚከተለው አሠራር የክፍል ኃላፊ መምህራን በመደበኛ ሥራቸው ላይ ሊያከናውኑት በሚችሉት መጠን የተቃኘ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ 11ኛ ክፍል ነው። በዚህ ጊዜ የሚሠራው የተሰረዘውን ዝርዝር መክፈት ነው። በየወሩ አንድ የአካባቢው ባለሙያ፣ ለምሳሌ ነርስ፣ የሞተር ጠጋኝ፣ የዩኒየን ሒሳብ ሠራተኛ ወይም የግብርና ባለሙያ፣ ወደ ክፍል መጥቶ ሥራው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደገባበትና ምን እንደሚያስመርረው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይናገራል። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ጥቅሙ ግን ወሬን በእውነተኛ ሰው መተካት ነው።

ሁለተኛው ጊዜ 12ኛ ክፍል፣ ከፈተናው በፊት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት መንገዶችን ይጽፋል፦ 50 ከመቶ ካለፍኩ፣ ለመስመሩ ከቀረብኩ፣ ከዚያ በታች ከሆንኩ። በእያንዳንዱ ሥር የት እንደሚመዘገብ፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅና ማን እንደሚያግዘው ያሰፍራል። ገጹ ወደ ቤት ሄዶ ወላጅ አይቶት ይመለሳል። አንዳንዶች ይህ “ለመውደቅ መዘጋጀት ነው” ብለው ሊቃወሙ ይችላሉ። ነገር ግን ዘር ከመዝራቱ በፊት ዝናቡ ቢቀር ምን እንደሚያደርግ የሚያስብ ገበሬ ድርቅን አይመኝም፤ ቤቱን ያድናል።

ሦስተኛው ጊዜ ውጤቱ በተገለጸ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ተማሪው የጻፈውን ገጽና ውጤቱን ይዞ ይመጣል። መምህሩ የየትምህርቱን ነጥብ አብሮት ያነባል፤ ከሦስቱ መንገዶች የትኛው እንደሚስማማ ከወላጅ ጋር ይነጋገራሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ኀዘን የሚበረታባቸው በመሆናቸው በዚያን ሰሞን የመጨረሻ ውሳኔ ማድረግ አይመከርም። መምህሩ በቅድሚያ ማረጋገጥ ያለበት ተማሪው ብቻውን አለመቀመጡን ነው። ውሳኔ ከተደረሰ በኋላም መመለሻ ያለው መንገድ ይመረጣል፤ ለምሳሌ አጭር ሥልጠና እየወሰዱ በግል ለመፈተን መዘጋጀት፣ ወይም አንድ የመስኖ ወቅት ሠርቶ በተገኘው ገንዘብ ሥልጠና መጀመር። ሁለተኛው ሲመረጥ የምዝገባው ወር ከወዲሁ ተጽፎ በወላጅና በልጅ መካከል ስምምነት ሊሆን ይገባል፤ ካልሆነ አንዱ ወቅት ሌላውን እየሳበ ዓመታት ያልፋሉ።

7. ማጠቃለያ

የመቂ ተማሪ ምርጫ የሚያጣው መንገድ ስለሌለ ብቻ አይደለም። መንገዶቹ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሥር ስለሚገኙ፣ ብዙዎቹም ገና ሳይታዩ ስለተሰረዙ፣ ውሳኔውም ከመስኖ ወቅት ጋር ስለሚሻማ ነው። የፈተናው መስመር አንድ ቁጥር ሲሆን፣ ከመስመሩ በታች ያሉት ወጣቶች ግን አንድ አይደሉም። ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ሲሸኘው ሊሰጠው የሚገባው ከውጤት ወረቀቱ ጋር አንድ ሌላ ገጽ ነው፤ ቀጥሎ የሚያንኳኳው በር የትኛው እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይበትና ካልሆነ ወዴት እንደሚመለስ የተጻፈበት። ከ50ዎቹ ተማሪዎች አራቱን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሸኝ ክፍል ሥራውን ጨረሰ የሚባለው፣ የቀሩት 46ቱም ያንን ገጽ ይዘው ሲወጡ ነው።